የዓርብ ሾርባ

ቻይና ሰፈር የሚባል ቦታ በማዘጋጃ ቤት ወረቀት ላይ የለም። ሰበታ ውስጥ ከጅማ መንገድ ተገንጥሎ ወደ ወንዙ የሚወርድ፣ ግራና ቀኙ በቆርቆሮ የታጠረ፣ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ የሆነ አንድ መንገድ ነው። የታክሲ ረዳቶች «ቻይና ሰፈር ወራጅ አለ?» ማለት ሲጀምሩ ስም ሆኖ ቀረ። እኔ እዚያ መንገድ ላይ ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። ቻይንኛውን የለመድኩት ማሽን አጠገብ ቆሜ ነው፤ ስድቡን አስቀድሜ፣ ሰላምታውን አስከትዬ። ሰዎች «እንዴት ቻልሽው?» ሲሉኝ ይገርመኛል። እንጀራ የሚፈልግ ሰው የማይችለው ቋንቋ አለ እንዴ?

አዲስ ቻይና በመጣ ቁጥር ሰፈሩን የማስጎበኘው እኔ ነበርኩ። ሱቁን፣ ምግብ ቤቱን፣ የጎመን ማሳውን፣ መጨረሻ ላይ ጉሊቱን። መንገዱን ከመልመዴ የተነሳ አፌ ብቻውን ያወራል፣ እኔ የራሴን ነገር አስባለሁ። አንድ የሐምሌ ዓርብ ግን አንድ ሽማግሌ አስጎበኘሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን መንገድ ጠላሁት። ዛሬም ታክሲው እዚያ ሲቆም ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ሽማግሌው ከማሽን ጠጋኞቻችን የአንዱ አባት ናቸው። ልጃቸው እንደሌሎቹ ቻይኖች ግቢ ውስጥ ተዘግቶ የሚውል ሰው አልነበረም። ሥራ ሲያልቅ ጉሊት ይወርድና ከሽንኩርት ሻጮቹ መሀል ቁጢጥ ብሎ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፣ ቃሪያ በጥሬው ይቆረጥማል፣ በተሰባበረ አማርኛ ይሳደባል፣ ይሰደባል። ከበር ጠባቂያችን ጋር ደግሞ የተለየ ፍቅር ነበራቸው። በር ጠባቂያችን ሽማግሌ ኦሮሞ ናቸው፤ ግቢው በሙሉ «ኦቦ» ብቻ ነው የሚላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ረቡዕና ዓርብን ሽረው አያውቁም። ልጁ ይህን ያውቃልና ረቡዕ ረቡዕ የሥጋ ሳህኑን ይዞ በራቸው ላይ ይቆማል። «ኦቦ፣ ቅመስ» ይላቸዋል፤ «አንቱ» ማለት አልገባውም ነበር። እሳቸው ከዘራቸውን ያነሱበታል፣ እሱ እየሳቀ ይሮጣል። ይህች ጨዋታ ለዓመታት ስትደጋገም አንድም ቀን አልሰለቻቸውም።

ልጁን ሞተር ላይ እያለ አሸዋ የጫነ መኪና ገጨው። ሳይነቃ ሳምንት አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኛ። እናቱ ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ያለው አባት ብቻ ነው፤ እሳቸውም ገበሬ ናቸው፣ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ልጅዎ ታሟል ይምጡ ተባሉ። መጡ። እሳቸው ሰማይ ላይ ሳሉ፣ ሐሙስ ሌሊት ልጁ አረፈ።

ዓርብ ጠዋት ሾፌሩ ከአየር ማረፊያ አምጥቶ ግቢያችን በር ላይ አወረዳቸው። ቀጭን፣ አጭር፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሰው ናቸው፤ አንድ የጨርቅ ሻንጣ በደረታቸው አቅፈዋል። ሥራ አስኪያጁ፣ እሱም ቻይና ነው፣ የአስከሬኑን ጉዳይ ለማስፈጸም አዲስ አበባ ገብቶ ስለነበር ስልክ ደወልኩለት። ማታ መጥቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ እስክመጣ ምንም እንዳትነግሪያቸው አለኝ። ኦቦ አጠገቤ ቆመው ነበርና ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ልክ ነው አሉ፤ ማታም ቢሆን አይሆንም አሉ። ሰው ከመንገድ እንደገባ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ጎኑን ሳያሳርፍ መርዶ አይነገረውም። ይብላ፣ ይደር፤ ነገ ጎህ ሲቀድ የሚያውቁት ሰዎች ተሰብስበው ይነገረዋል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ተረጎምኩለት። «እንደ እናንተ ይሁን» አለ። ድምፁ ውስጥ እፎይታ ሰማሁ። ፈሪ!

እኔም ተስማምቻለሁ። አባቴ ሆሳዕና ከተማ ሲሞት እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ። እናትሽን ትንሽ አሟታል ብለው ጠሩኝ፣ አብልተው አስተኙኝ፣ ጎህ ሲቀድ በጩኸት ቀሰቀሱኝ። ያቺ የበላኋት ራት ባትኖር ያንን ሳምንት በእግሬ አልቆምም ነበር። ስለዚህ ለሽማግሌው ሐኪሙ ዛሬ ጠያቂ አላስገባም ብሏል፣ ነገ በጠዋት እንሄዳለን አልኳቸው። ቻይንኛቸው የገጠር ስለሆነ አንዳንዱ ቃል ያመልጠኝ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። ገበሬ ከሐኪም ጋር አይከራከርም፤ የየትም አገር ገበሬ አንድ ነው። ከዚያ ሻንጣቸውን እንዳቀፉ ልጃቸው የሚኖርበትን፣ የሚበላበትን፣ የሚውልበትን እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነገን መጠበቅ አልሆነላቸውም።

መጀመሪያ የልጁን ክፍል ከፈትኩላቸው። ከሻንጣቸው የደረቀ ስኳር ድንች አውጥተው ከትራሱ አጠገብ አኖሩ። የአልጋውን ልብስ አስተካከሉ፣ ነጠላ ጫማውን ጎን ለጎን አደረጉ። መስኮቱ ላይ በተዘረጋው ገመድ ልጁ ከአደጋው በፊት ያሰጣው ካልሲ አለ። በሐምሌ ካልሲ ቤት ውስጥ ይደርቃል ብሎ የሚያምን እሱ ብቻ ነበር። አባትየው ጨበጥ አድርገው አዩትና ገና እርጥብ ነው አሉኝ። ዝናብ ሳይመጣ እንውጣ ብዬ አጣደፍኳቸው።

መንገዱ ላይ እንደ ወትሮዬ ማስጎብኘት ጀመርኩ። ይሄ የሳሙና ፋብሪካ፣ ያ የብረት፣ ይሄ ልጅዎ እሑድ እሑድ ካርታ የሚጫወትበት ምግብ ቤት። በሩ ላይ የተሰቀለው ቀይ ፋኖስ በዝናብ ብዛት ቀለሙ ለቆ ሐምራዊ መስሏል። ሱቋ ውስጥ መረቅና ፓስታ የምትሸጠው ቻይናዊት እኛን ስታይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው። ወሬው ደርሷታል ማለት ነው። ለሽማግሌው በሁለት እጇ ሲጋራ ሰጠቻቸውና ሳጥን የምትፈልግ መስላ ወደ ጓዳ ገባች፤ አልተመለሰችም። ትሁት ሴት ናት አሉኝ። አዎ፣ በጣም ትሁት ናት አልኳቸው። ያን ቀን ስንት ጊዜ «አዎ» እንዳልኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

ወንዙ ዳር ለቻይኖች የሚሆን ጎመን የሚተከልበት ማሳ አለ። ወንዙ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወርደው፤ የጨርቅ ማቅለሚያው ያሰኘውን ይለቅበታል። ያን ቀን ጥቁር ነበር። ሽማግሌው ጭቃው ውስጥ ገብተው አፈሩን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። አፈሩ ጥሩ ነው፣ ውኃው ግን መጥፎ ነው አሉ። ልጃቸው በስልክ ስለዚህ ማሳ እየነገራቸው የእኛ ቤት ጓሮ ይመስላል ይላቸው እንደነበር አጫወቱኝ። ሁለት ጎመን ነቅለው ያዙ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣላቸው፤ ለልጄ ሾርባ እሠራለሁ አሉ። በእነሱ አገር የታመመ ሰው የዶሮ ሾርባ ይጠጣል፤ በዝንጅብል። ሐኪሙ እኔን ባያስገባ ሾርባዬን ያስገባልኝ የለ? አሉ። ምን ልበል? የመጣው ይምጣ ብዬ ወደ ጉሊቱ ይዣቸው ወጣሁ።

ጉሊቱ ከታክሲ ማዞሪያው ጀርባ ነው። ገና ከሩቅ ሳይ ሽንኩርት ሻጯ፣ ያቺ ልጁ «እህቴ» የሚላት፣ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ስለሆነ በደንብ እንተዋወቃለን፤ ስታለቅስ ማቆሚያ የላትም። ሽማግሌውን ቃሪያ እንዲያዩ ትቼ ሮጥኩ። ሻሽሽን አውልቂ፣ አባቱ ናቸው፣ አልሰሙም አልኳት። ወንድሜ ሞቶብኝ ሻሽ ላውልቅ? አለችኝ። አዎ፣ እስከ ነገ አውልቂ። እያለቀሰች አወለቀችው። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶችም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበርና ሁሉም አስተካከሉ። አንድ ጉሊት ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሐዘኑን ሲደብቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌው መጥተው ቁጢጥ አሉ። ልክ እንደ ልጁ፣ ተረከዛቸው መሬት ነክቶ፣ ክርናቸው ጉልበታቸው ላይ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሳቸው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መርጠው ዋጋ በጣታቸው ጠየቁ፤ እሷ በሁለት እጇ አፍሳ ሰጠቻቸው፣ ዋጋ አልጠራችም። ግራ ገባቸው። ልጃቸው እዚህ ገበያ ያለ ጭቅጭቅ ምንም አይሸጥም ብሏቸዋል፤ እሳቸውም ጭቅጭቅ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ተከራከሪያቸው እንጂ!» አልኳት በአማርኛ፣ ፈገግ ብዬ። «ያውቁብናል።»

ተከራከረች። ዋጋ ጠራች፣ ቀነሱ፣ ጨመረች፣ እጇን አወናጨፈች፣ እሳቸው ተነስተው የሚሄዱ መሰሉ፣ ዋጋውን በቻይንኛ ጠርታ መለሰቻቸው፤ የቻይንኛ ቁጥር ያስተማራት ልጃቸው ነው። እንባዋ ሲወርድ በእጅጌዋ እየጠረገች ሽንኩርቱ ነው እያለች ታሳያቸዋለች። እውነት እላለሁ፣ ከዚያ የባሰ ለቅሶ አይቼ አላውቅም።

ዶሮዋን የገዛነው በቀላሉ ነው፤ በዓርብ ዶሮ የሚፈልግ ሰው ብዙ የለም። ሾርባው መያዣ ያስፈልገዋል ስላሉ ደግሞ ፔርሙዝ ፍለጋ ከጉሊቱ ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ገባን። ባለሱቁ የስልጤ ሰው ነው፤ ልጁ ሻይ የሚጠጣው እሱ ጋ ነበር። ሽማግሌውን ሲያይ ከንፈሩ በዱዓ ተንቀሳቀሰ፤ በዓይኔ ቆጣሁት። ሽማግሌው መደርደሪያ ላይ ያለውን አብረቅራቂ ፔርሙዝ ሲያነሱ ባለሱቁ ነጠቃቸው። ይሄ ሙቀት አይዝም፣ ለደንበኛ የሚሆነው ከታች ነው ብሎ ከሳጥን ውስጥ ሌላ አወጣ። እሳቸው ገልብጠው የታችኛውን ጽሑፍ አነበቡና ሳቅ ያዛቸው። ፔርሙዙ የተሠራው ከሰፈራቸው ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። ይህን ዕቃ ፍለጋ ነው እንዴ ባሕር የተሻገርኩት? እያሉ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ባለሱቁም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው አፌን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር።

ዝናቡ ግቢ እንደገባን ወረደ። ዶሮዋን ራሳቸው አረዱ፣ ራሳቸው ገነጣጠሉ፣ በልጃቸው ብረት ድስት ኮሪደሩ ላይ ጣዱ። የዝንጅብሉ ሽታ ግቢውን ሞላው። ሲበስል ጨው ጨመሩና ማንኪያውን ለእኔ አቀበሉኝ። ከአውሮፕላን ከወረዱ ወዲህ ምላሳቸው ምንም አይቀምስላቸውም፤ ጨዉን እኔ እንድቀምስላቸው ነው። ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠጋሁት። ሳልቀምሰው መልሼ ድስቱ ውስጥ አፈሰስኩት። በቅቶታል አልኳቸው። አዩኝና ድስቱን አወረዱ።

ፔርሙዙን ሞሉ፣ በፎጣ ጠቀለሉ፣ ማን ያደርሰዋል አሉ። ጥያቄውን ጮክ ብዬ በአማርኛ ደገምኩት። ኦቦ ከዘበኛ ቤታቸው ወጡና እጃቸውን ዘረጉ። እኔ አደርሳለሁ በይው አሉኝ። ቡትስ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ፔርሙዙን በካፖርታቸው ውስጥ አቅፈው በዝናቡ ወጡ። እኔ መጀመሪያ በታየኝ ቱቦ ውስጥ ደፍተውት ትንሽ ቆይተው የሚመጡ መስሎኝ ነበር። የተመለሱት ሲመሽ ነው፤ በስብሰዋል። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበርና ፔርሙዙን ተቀብለው ከፈቱት፤ ባዶ ነው። ጠጣ ወይ ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩ። ኦቦ መሬት መሬት እያዩ አልቋል በይው አሉ። አልቋል አልኳቸው። ሽማግሌው የኦቦን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ጎንበስ ቀና አሉ። ያን ማታ ከሾርባው የተረፈውን በልተው እንደ ሕፃን ተኙ። መብላታቸውና መተኛታቸው አልቀረም፤ ያሰብነው ሁሉ ደረሰልን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በማግስቱ ጭጋጉ ገና መሬት ላይ እያለ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ሽንኩርት ሻጯ ሻሿን መልሳ አስራለች፣ ባለሱቁ መጥቷል፣ ሥራ አስኪያጁ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል። የዘነጋነው አንድ ነገር ነበር። የእኛ መርዶ ቃል አይፈልግም፤ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ የተጠራው ራሱ ይገባዋል፣ ጩኸቱ ይቀጥላል። ሽማግሌው ግን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባዶ ፔርሙዙን ታጥቦ በእጃቸው ይዘው ወጡና ሁላችንንም በየተራ አዩን። ወደ ሆስፒታል የሚሸኟቸው ሰዎች መስለናቸዋል፤ ፈገግ አሉ። ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። ሥራ አስኪያጁን አየሁት፤ ቀና አላለም። ራሴ እነግራቸዋለሁ ያለው እሱ አልነበረም?

እኔው ነገርኳቸው። በአማርኛ ቢሆን ስንት ዙሪያ ጥምጥም ነበረኝ፤ በቻይንኛ የማውቀው ቀጥተኛውን ብቻ ነው። ልጅዎ ሞቷል አልኩ። መቼ? አሉ። ሐሙስ ሌሊት፣ እርስዎ በመንገድ ላይ ሳሉ አልኩ። አልጮኹም። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ በሐሳባቸው ወደ ኋላ ሲመለሱ አየኋቸው፤ ካልሲውን፣ ማሳውን፣ ጉሊቱን፣ ሳቁን። ከዚያ ዓይናቸው ፔርሙዙ ላይ ቆመ።

«ታዲያ ሾርባውን ማን ጠጣው?» አሉ።

ይህን ተረጎምኩ። መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር። ኦቦ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ፊት መጡ። እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ለእኔ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ እንዴት እንደሆነ ነገሩኝ። ታክሲ ተሳፍረው ነበር፤ አየር ጤና ጋ ወረዱ። ወደየት ይሂዱ? አባት ለልጁ የሠራውን እህል መሬት ላይ መድፋት አልሆነላቸውም። ነዳዮች ነበሩ፤ ሊሰጧቸው አስበው ተዉት። «የሚጠጣው ሰው ምን እንደሚጠጣ ማወቅ አለበት ብዬ ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ በዓርብ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ የዶሮውን ሾርባ ክዳኑ ላይ እየቀዱ እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ለሽማግሌው ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ጾም ማለት ምን እንደሆነ፣ ልጃቸው ረቡዕ ረቡዕ ሳህን ይዞ በሩ ላይ ይቆም እንደነበርም ነገርኳቸው። ኦቦን ብዙ ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ጨው በቅቶት ነበር ወይ?

እኔ «በቅቶት ነበር» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ምላሴ ለምዷል። ኦቦ ግን ጥያቄው ምን እንደሆነ ካልነገርሽኝ አሉ። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ።

«አንሶት ነበር» አሉ። «ትንሽ። እንደዚያው አድርገሽ በይው።»

እንደዚያው አድርጌ አልኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያነሰው መስሎኝ ነበር አሉ፣ ቀስ ብለው። ኦቦ ክንዳቸውን ይዘው ከዘበኛ ቤቱ ደፍ ላይ አስቀመጧቸውና አጠገባቸው ተቀመጡ። ያኔ ነው ሽማግሌው ማልቀስ የጀመሩት።